ግራፊክስ ካርዱ ወዴት ሄደ? ከታይዋን ፋብሪካ እስከ ጎንደር ፒያሳ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ሱቅ ገብቶ አዲስ ግራፊክስ ካርድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰማል። «የለም።» ወይም «ቀብድ አስይዝና ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ።» ወይም ደግሞ «ይህ የዛሬ ዋጋ ነው፤ የነገውን አላውቅም።»

ለምን ሲባል ምክንያቱ እንደ ተናጋሪው ነው። አንዱ ዶላሩን ይከሳል። ሌላው ቢትኮይን ቆፋሪዎች (ኮምፒውተር እያሠሩ ዲጂታል ገንዘብ የሚያገኙት) ጠራርገው ገዙት ይላል። ወጣቶቹ «ኤአይ በላው» ይላሉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ማለታቸው ነው። ገዢው ደግሞ፣ በተለይ ኪሱ ሲነካ፣ ነጋዴው ደብቆት ነው ብሎ ይደመድማል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ጊዜው አልፎበታል። አንዱ በግማሽ ልክ ነው። አንዱ ከሚታሰበው በላይ እውነት ነው። የነጋዴው ጉዳይ ጠመዝማዛ ስለሆነ በኋላ እንመጣበታለን።

ካርዱን ማን ይፈልገዋል?

ግራፊክስ ካርድ ምስል የማስላትን ሥራ ከዋናው ፕሮሰሰር ተረክቦ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው አሁንም «ቪጂኤ» ይለዋል፤ የድሮ ስሙ ነው። በላዩ ሁለት ውድ ነገሮች አሉ። አንደኛው ጂፒዩ የሚባለው ቺፕ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ማስያዎች አሉት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስሌት በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ሁለተኛው ቪራም ነው፤ የካርዱ የራሱ ፈጣን ሚሞሪ። «8 ጊጋ ካርድ»፣ «12 ጊጋ ካርድ» ሲባል የሚቆጠረው እሱ ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን ዕቃ የሚፈልገው ጌም ተጫዋች ብቻ አይደለም። ጌሙን ብዙው ወጣት ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ ነው የሚጫወተው። ካርዱን አጥብቆ የሚፈልገው ቪዲዮ ቤቱ ነው። ጥር ሲገባ ጥምቀት አለ፤ ሠርግ አለ። በሦስት ካሜራ በፎርኬ የተቀረጸን ሠርግ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ኤዲት ማድረግ የትዕግሥት ፈተና ነው። ሕንፃ በሦስት አውታር የሚያሳዩ አርክቴክቶችም አሉ። የዩኒቨርሲቲው የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች ደግሞ የማሽን ለርኒንግ መመረቂያ ሥራቸውን በላፕቶፕ ሲሞክሩ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል።

የከተማዋ ፍላጎት ወቅት አለው። ከጥምቀት በፊት ይጋላል፣ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ይበርዳል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ታይዋን ያለው ፋብሪካ ግን የእኛን ጾም አይጠብቅም።

የቆፋሪዎቹ ዘመን

ሰው ስለ ካርድ እጥረት ሲያወራ በአእምሮው ያለው እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 የነበረው ነው። የጂፒዩ ቺፕ የሚነድፈው የአሜሪካው ኢንቪዲያ በ2020 አርቲኤክስ 3080 የሚባለውን ካርድ በ699 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዋጋ ያገኘው ሰው ጥቂት ነው። ኮቪድ ሰውን ቤት አስቀምጦት ስለነበር የኮምፒውተር ፍላጎት ጨምሯል። ካርዱ በወጣ በሰከንዶች ውስጥ በፕሮግራም እየገዙ መልሰው የሚቸበችቡ አትራፊዎችም በዙ። ከሁሉ የከፋው ግን ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይቆፈር የነበረ መሆኑ ነው። ካርዱ ገንዘብ የሚያስገባ ማሽን ሆነ። ገንዘብ የሚያስገባ ማሽን በተለጠፈበት ዋጋ ማን ይሰጣል?

እዚህ ላይ አንድ መደባለቅ አለ። ቢትኮይንና ኢቴሪየም አንድ አይደሉም። ቢትኮይን ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚቆፈረው ለዚያ ብቻ በተሠራ ማሽን ነው። ኤሲክ ይባላል፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። አገራችን ውስጥ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ የሚሠሩት የቢትኮይን ቆፋሪዎችም በዚሁ ነው የሚቆፍሩት። ስለሚወስዱት መብራት መከራከር ይቻላል። በካርዱ ጉዳይ ግን እጃቸው የለበትም።

ኢቴሪየም ደግሞ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ቀየረ። በካርድ መቆፈር በአንድ ቀን ቆመ። ቆፋሪዎቹ የያዙትን ካርድ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ አፈሰሱት፤ ዋጋ ወረደ፤ የታገሠ ገዢ ተጠቀመ። ዛሬም የሚሰማው «ትንሽ ቆይ፣ ይወርዳል» የሚለው ምክር የተወለደው ያኔ ነው። ምክሩ በዚያን ጊዜ ትክክል ነበር።

ይኼኛው እጥረት ሌላ ነው

ኢንቪዲያና ተፎካካሪው ኤኤምዲ የራሳቸው የቺፕ ፋብሪካ የላቸውም። እነሱ ይነድፋሉ፤ የሚያመርትላቸው በዋናነት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። ሥራው የሚጀመረው ዋፈር ከሚባል ክብ የሲሊኮን ዝርግ ነው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አነስ ያለ ሰፌድ ያህላል። ቺፖቹ በላዩ ይታተማሉ፣ ከዚያ ይቆረጣሉ። የአርቲኤክስ 5090 ቺፕ 750 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዛል። ዋፈሩን ምንም ሳናባክን ብንከፋፍለው እንኳ ከ94 ቺፕ አያልፍም። ክብ ነገር ወደ አራት ማዕዘን ሲቆረጥ ደግሞ ጠርዙ ይቀራል፣ ከተቆረጠውም የተበላሸው ይጣላል። በእጅ የሚቀረው ከዚያ በጣም ያንሳል።

ዋፈሩ ፋብሪካ ገብቶ ቺፕ ሆኖ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። አዲስ ፋብሪካ መትከል የዓመታት ጉዳይ ነው። ቲኤስኤምሲ በአሜሪካ አሪዞና ፋብሪካ እሠራለሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነበር፤ በብዛት ማምረት የጀመረው በ2024 መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፍላጎት በድንገት ሲጨምር አቅርቦቱ ተከትሎት አይሮጥም። ያለው ዋፈር ለማን ይቆረጥ የሚለው ብቻ ነው የሚወሰነው።

ውሳኔው ደግሞ ከባድ አይደለም። ለጌምና ለቪዲዮ የሚሆን ካርድ ባብዛኛው በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ዳታ ሴንተር የሚገባው ግን በአስር ሺዎች ነው። ዳታ ሴንተር ማለት በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተደርድረው የሚሠሩበት ትልቅ ማዕከል ነው፤ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ባበቃው የበጀት ዓመት ከጌም 12.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ከዳታ ሴንተር 10.6 ቢሊዮን። ጌሙ ይበልጥ ነበር። በጥር 2025 ባበቃው ዓመት ጌሙ 11.4 ቢሊዮን ገደማ ላይ ሲቆም ዳታ ሴንተሩ 115.2 ቢሊዮን ደረሰ። ጌም ተጫዋቹ ከ100 ዶላር ገቢ 9 ዶላር እንኳ የማያመጣ ደንበኛ ሆነ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሰልፉ ላይ ከኋላ ነው የሚቆመው።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። የኢቴሪየም ቆፋሪ የገዛው እኛ የምንገዛውን ያንኑ ካርድ ነበር። ሲጠላው ወደ እኛ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ተመለሰም። የኤአይ ኩባንያ ግን የሚገዛው ሌላ ዕቃ ነው። የሚሻማን በካርዱ አይደለም፤ ካርዱ በሚሠራበት ዋፈር፣ ሚሞሪና የፋብሪካ ተራ ነው። ኤች100 የሚባለውን የኢንቪዲያ ካርድ ብንወስድ ሞኒተር የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። የራሱ ማራገቢያም የለውም። አብዛኛው ሰርቨር ሰሌዳ ላይ በልዩ ማያያዣ የሚገጠም ስለሆነ ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ነገ የኤአይ ግርግር ቢበርድና ዳታ ሴንተሮች ዕቃቸውን በሐራጅ ቢያወጡ ለጎንደር ቪዲዮ ቤት የሚተርፍ ነገር የለም።

ስለዚህ «ይወርዳል» የሚል ሰው አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ የትኛው ያገለገለ ዕቃ ጎርፍ ነው የሚያወርደው? የቀረው መንገድ የፋብሪካ ተራ መለቀቅ ነው። እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው፤ እንደ መስከረም 2015ቱ በአንድ ቀን አይሆንም።

ቺፑ ሳይበቃ ሚሞሪው ተጨመረ

ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ገበያውን ያናጋው ሚሞሪው ነው። ሰሞኑን ራም ሊገዛ የወጣ ሰው መነገር አያስፈልገውም። የዓለምን ሚሞሪ ቺፕ በብዛት የሚያመርቱት ሦስት ናቸው፤ ከደቡብ ኮሪያ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ ከአሜሪካ ማይክሮን። የኤአይ ካርዶች የሚፈልጉት ኤችቢኤም የሚባለውን ነው፤ ቺፖቹ እንደ ፎቅ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩበት ሚሞሪ። ማይክሮን ራሱ እንደገለጸው፣ እኩል ጊጋ ለማምረት ኤችቢኤም ከተራው የኮምፒውተር ራም፣ ከዲዲአር5፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ዋፈር ይወስዳል። ለእነሱ አንድ ጊጋ ሲጨመር ከእኛ ሦስት ጊጋ ይጎድላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ማይክሮን ክሩሺያል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚያቀርበውን ራምና ኤስኤስዲ መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሺያል እዚህም በሱቅ የታወቀ ስም ነው። አንድ ኩባንያ ስም ያለውን ምርቱን በፈቃዱ ሲዘጋ ሌላው ገበያ ምን ያህል እንደሚከፍል ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አይገኝም።

ቪራምም የሚመጣው ከእነዚሁ ሦስት ድርጅቶች ነው። ስለዚህ ብዙ ቪራም ያለው ካርድ የበለጠ ይጎዳል። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ሲወጣ ባለ 8 ጊጋው 379 ዶላር፣ ባለ 16 ጊጋው 429 ዶላር ነበር። ሚሞሪ ሲወደድ ይህ የ50 ዶላር ልዩነት አምራቹን አያዋጣውም፤ ወይ ያሰፋዋል፣ ወይ ባለ 16ቱን ይቀንሳል። ለቪዲዮ ቤቱና ለተማሪው የሚጠቅመው ደግሞ ባለ ብዙ ጊጋው ነው።

299 ዶላር ጎንደር ሲደርስ

አርቲኤክስ 4060 በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአምራቹ ዋጋ 299 ዶላር ነበር። ተተኪው 5060 በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሲወጣም 299 ነው። በዶላር ሳንቲም አልጨመረም። ብሩ ነው የተለወጠው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ለስሌት እንዲመች 150 ብንይዝ 299 ዶላር 44,850 ብር ይሆናል። በ57 ብር ቢሰላ 17,043 ነበር። ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው።

ንጽጽሩ ግን ያታልላል። ከለውጡ በፊት ለጥቂት ካርድ ብሎ ከባንክ ዶላር ያገኘ ነጋዴ ብርቅ ነው። የሚገዛው ከጥቁር ገበያ ነበር፤ እዚያ ዶላሩ ያን ጊዜም ከ100 ብር በላይ ነበር። ካርዱም የሚተመነው በዚያ ነው። በ100 እንኳ ብናሰላው 29,900 ብር ይመጣል። እንግዲህ ትክክለኛው ጉዞ ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 45 ሺህ ነው፤ የግማሽ ያህል ጭማሪ። ቀላል አይደለም፤ ግን ከእጥፍ በላይም አይደለም። «ዶላር ነው» የሚለው በግማሽ ልክ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ካርዱ ገና መንገድ ሳይጀምር ነው። 299 ዶላር የአሜሪካ መደርደሪያ ዋጋ ነው፣ ያውም ታክስ ሳይጨመር። በጉምሩክ ሲገባ ቀረጥ አለ፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በሻንጣ ከዱባይ ሲመጣ ደግሞ የትኬቱና የመወረሱ ስጋት በእነዚያ በጥቂት ካርዶች ላይ ይከፋፈላል። አንድ ኮንቴይነር ላይ ቢከፋፈል ኖሮ ማንም አያስተውለውም ነበር። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መንገዱ ሰላም ባጣ ቁጥር ዕቃው ይዘገያል፣ ወይም በአየር አዘዞ ይወርዳል፤ በአየር ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ዋስትና የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ካርዱ በሦስተኛው ወር ቢሞት አምራቹ ጋ የሚመልሰው የለም። ይህንን ነጋዴውም ያውቃል፤ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ይከተዋል።

ነጋዴው ደብቆታል?

ካርድ እንደ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ጎተራ ገብቶ ቢከርም ያው ጤፍ ነው። ካርድ አዲስ ትውልድ ሲወጣ ያረጃል። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ለትንሽ ሱቅ አደጋ ነው፤ ጎንደር ያሉት ሱቆች ደግሞ ባብዛኛው ትንንሽ ናቸው። ለዚህ ነው «ቀብድ አስይዝ» የሚባለው። ብዙ ጊዜ የተደበቀ ዕቃ የለም፤ መጀመሪያውንም አልመጣም።

ይሁን እንጂ ዋጋ በየሳምንቱ ሲወጣ ሽያጭ ማዘግየት ያተርፋል፤ ይህን የሚያደርግ የለም ማለት የዋህነት ነው። ነጋዴው የሚያሰላው «በስንት ገዛሁት» ብሎ አይደለም፤ «ይህን ሸጬ በስንት እተካዋለሁ» ብሎ ነው። ለገዢው ስግብግብነት ይመስላል። ለነጋዴው ሱቁ ባዶ እንዳይቀር መከላከያ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ይልቅ ሊወቀስ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋ አለመለጠፍና ያገለገለን ካርድ አጽድቶ «አዲስ ነው» ማለት።

አምራቾቹስ? ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 የበጀት ዓመቱ ከሽያጩ የምርት ወጪውን ቀንሶ የቀረው 75 በመቶ ነበር። የሚሞሪ አምራቾች ደግሞ ዋጋ በመመሳጠር የተቀጡበት ታሪክ አላቸው፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ጥፋቱን አምኗል። ስለዚህ የሚጠረጥራቸው ሰው ከሜዳ አልተነሣም። የአሁኑን ለማስረዳት ግን ሴራ መፈለግ አያሻም። ፋብሪካው ሞልቷል፤ እጥፍ ድርብ የሚከፍል ገዢ ደጅ ቆሟል።

መጠበቅ ወይስ መግዛት?

አንዱ ወገን የኤአይ ኢንቨስትመንት አረፋ ነው፣ ሲፈነዳ ሁሉም ይረክሳል ይላል። አረፋ ሊሆን ይችላል። ቢፈነዳም ፋብሪካዎቹ ወደ ተራው ዕቃ ተመልሰው ምርቱ ሱቅ እስኪደርስ ወራት ማለፋቸው አይቀርም፤ በዚያ መሀል ብሩ የት እንደሚሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ሌላው ወገን ዛሬውኑ ግዙ፣ ነገ ይብሳል ይላል። ይህም የሻጭ ወሬ ይመስላል፤ ሻጭ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።

ለጌም የሚፈልግ ሰው ቢቆይ የሚያጣው ነገር የለም። በካርዱ እንጀራ የሚበላ ግን ዋጋ ይወርዳል ብሎ ሥራ ማቆሙ አያዋጣውም። ከመግዛቱ በፊት ግን በእጁ ያለውን መፈተሽ አለበት። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኩዊክ ሲንክ የሚባል የቪዲዮ መፍቻ በውስጣቸው አላቸው። እንደ ፕሪሚየር ያሉ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሞችም ፕሮክሲ መሥራት ይችላሉ፤ ከባዱን ቪዲዮ በቀላል ቅጂ ኤዲት አድርጎ መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው መመለስ ማለት ነው። ካርድ ሳይገዛ አንድ የሠርግ ወቅት የሚያሻግር ዘዴ ነው።

የሚገዛም ከሆነ ቀድሞ ኮምፒውተሩን ይክፈተው። ከቢሮ ወጥተው የሚሸጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ፓወር ሳፕላያቸው ደካማ ነው። ከማዘርቦርዱ በቀጥታ ኃይል የሚስበውን ባለ 75 ዋቱን ጂቲኤክስ 1650 ይችሉ ይሆናል፤ 145 ዋት የሚፈልገውን 5060 ግን አይሸከሙም። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋ ሆኖ በ249 ዶላር በመውጣቱ ብዙዎችን ያጓጓል። እሱ ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባል ነገር ያለው አዲስ ማዘርቦርድ ካላገኘ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። የቆየ ዴስክቶፕ ላለው ሰው ርካሹ ካርድ ውድ ሊሆን ይችላል።

እጥረት ባለበት ገበያ ሐሰተኛ ካርድም አይጠፋም። የታወቀው ማጭበርበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 የነበረውን ጂቲኤስ 450 ስሙን በሶፍትዌር ቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ይታለላል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ቺፑን አንብቦ ያጋልጠዋል፤ በፍላሽ ይዞ ሱቅ መግባት፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መክፈት ነው። ነጋዴው እንዳይነካ ከከለከለ መልሱ ተገኝቷል።

አቅርቦቱን ሊያሰፉ ከሚችሉት አንዱ ማይክሮን በአሜሪካ አይዳሆ እየሠራው ያለው ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2027 እንደሚወጣ ድርጅቱ ተናግሯል። ምርቱ ከዚያ ወጥቶ፣ ካርድ ሆኖ፣ በዱባይና በአዲስ አበባ አልፎ ፒያሳ እስኪደርስ ጥር 2019 ዓ.ም. መጥቶ ያልፋል፤ ሠርጎቹም ያን ጊዜ ባለው ኮምፒውተር ኤዲት ይደረጋሉ።